ከጃንሆይ እጅ ዋንጫ የተቀበለው መካኒክ

እስቲ ውድ አንባቢያን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስንት ጊዜ ወሰደች? «አንድ ጊዜ» ትሉኛላችሁ፤ ትክክል ነው። መቼ? ይህንንም አብዛኛው ሰው ያውቀዋል፤ በ1954 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1962። ታዲያ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ማን ነበር?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። በቅርቡ እኛው ሰፈር ቦርንሃይም፣ ከበርገር ሽትራሰ ገባ ብሎ ባለ አንድ ወገናችን ቤት ቡና ተፈልቶ ይኸንኑ ጥያቄ ብወረውር፣ ገሚሱ «መንግሥቱ ወርቁ ነዋ!» አለ። አንድ አዛውንት «ይድነቃቸው ተሰማ» አሉ። እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዶ ያደገ ወጣት ደግሞ ስሙን ስነግረው «ሉቻኖ ቫሳሎ? እሱ ጣሊያን አይደል እንዴ?» ብሎ ሳቀ። በልጁ አልፈርድም። ይህች ጥያቄ ሉቻኖን ዕድሜውን ሙሉ ስትከተለው የኖረች ናት።

ሉቻኖ የተወለደው አሥመራ ላይ እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1935 ነው። ቀኑን ልብ በሉልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላው የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ወረረ። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ነበሩ። እንዲህ ያለ ልጅ በዚያ ዘመን ምን ዓይነት ዕጣ እንደሚጠብቀው ለማወቅ የፋሺስቶቹን ሕግ ማየት ይበቃል። በ1937 ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከሉ። በ1940 ደግሞ አባት ከጥቁር ሴት የወለደውን ልጅ «የእኔ ነው» ብሎ እንዳይቀበል የሚያግድ ሌላ ሕግ አወጡ። ለጣሊያኑ ልጁ ጥቁር ነው፤ ለአበሻው ደግሞ «ድቃላ»። ሉቻኖና ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ በእናት እጅ ያደጉት በዚህ መሃል ነው። ሉቻኖ ከልጅነቱ መካኒክነት ለመደ። ይህ ሙያ በኋላ ምን ያህል እንደሚያስፈልገው ያኔ ማን ያውቅ ነበር?

ኳሱን ግን ማንም አላስተማረውም ማለት ይቻላል። የአሥመራ ሜዳ አሳደገው፤ ድሬዳዋ ደግሞ ወሰደችው። ለወጣቶቹ አንድ ነገር ላስረዳ። ያኔ በኢትዮጵያ ዛሬ እንደምናውቀው ያለ የዝውውር ገበያና የሚሊዮን ደመወዝ አልነበረም። ተጫዋቹን የሚያኖረው ፋብሪካ ነው፣ ወይ ጦር ሠራዊት ነው፣ ወይ መሥሪያ ቤት ነው። (ጀርመኖቹስ ቢሆኑ ቡንደስሊጋን የጀመሩት በ1963 አይደለም?) ድሬዳዋ ውስጥ ሁለት የፋብሪካ ክለቦች ነበሩ፤ የጥጥ ፋብሪካው፣ ሕዝቡ «ኮተን» የሚለው፣ እና የሲሚንቶ ፋብሪካው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአገሪቱን ሻምፒዮንነት አንዴ ይኼኛው አንዴ ያኛው እየወሰደ አዲስ አበባን ጉድ አሰኝተዋል። ሉቻኖ የኮተን ሰው ነበር። ከአማካይ ቦታ ተነስቶ ግብ የሚያገባ፣ ሜዳ ላይ የሚያዝ ሰው።

አሁን ወደዚያች እሑድ እንሂድ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.። ጥምቀት ዓርብ ውሎ፣ ቅዳሜ የቃና ዘገሊላው ሚካኤል ገብቶ፣ እሑድ አዲስ አበባ ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲዮም ተመመች። በውድድሩ የተካፈሉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። የእኛዎቹ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሰናብተው ለፍጻሜ ቀርበዋል። የሚጠብቃቸው የ1957ንም የ1959ንም ዋንጫ የወሰደው የግብፅ ቡድን ነው። ካርቱም ላይ በ1957ቱ ፍጻሜ 4 ለ 0 የቀጣን ይኸው ግብፅ ነበር፤ ቂም አለ ማለት ነው።

በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ ለግብፅ አገባ። ዕረፍት ተወጣ፣ ተመልሰው ገቡ፣ ጊዜው ነጎደ። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ስታዲዮሙ ገና ከጩኸቱ ሳይመለስ፣ በደቂቃ ውስጥ ያው ባዳዊ ሁለተኛውን አስቆጠረ። እንግዲህ ሌላ ቡድን ቢሆን እዚህ ላይ ይፈታል። ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ራሱ፣ ሉቻኖ፣ ኳሷን ከመረብ አገናኘ። 2 ለ 2። በተጨማሪው ሰዓት፣ 101ኛው ደቂቃ ላይ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን ደገመ። ሦስት ደቂቃ ሲቀር መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አክሎ ነገሩን ዘጋው። 4 ለ 2!

እዚህ ላይ የቡና ቤት ክርክር ለማስታረቅ ያህል ልናገር፤ መንግሥቱን የሚያነሱ አልተሳሳቱም። የጎንደሩ ልጅ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ እዚያው አገሩ ቀርቶ፣ በ1987 በአሰልጣኝነት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ያስገኘ፣ በ2010 ሲያርፍ አገር ያለቀሰለት ታላቅ ሰው ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ከአራቱ ግብ ሁለቱ የሁለት ወንድማማቾች ሆኖ ሳለ፣ የወንድማማቾቹ ስም ከአፋችን ለምን ጠፋ?

ከዋንጫው በስተጀርባ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከፍጻሜው በፊት አንዳንድ ባለሥልጣኖች ከግርማዊነታቸው እጅ ዋንጫ የሚቀበለው «ትክክለኛ ኢትዮጵያዊ» መሆን አለበት፤ ክልስ እንዴት ይሆናል? አምበልነቱ ለሌላ ይሰጥ ብለው ነበር። አሰልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሻፈረኝ አሉ። በኋላ ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከስፖርቱ እንድትገለል የታገሉት እኚሁ ሰው ናቸው። ለእኔ ግን ከአህጉሩ ትግል የዚያች የአንድ ቀን እምቢታ ትበልጣለች። በሩቅ አገር ያለውን ዘረኝነት ማውገዝ ቀላል ነው፤ ከጎን የተቀመጠውን ባለሥልጣን «አይሆንም» ማለት ግን ዋጋ አለው። ጃንሆይም ዋንጫውን ለሉቻኖ ሰጡት። ፎቶግራፉ ዛሬም አለ።

ብዙዎቹ የዚያ ቡድን ተጫዋቾች ከአሥመራ የመጡ ነበሩ። ዋንጫው በመጣ በአሥር ወሩ፣ በኖቬምበር 1962፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት ተባለች። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሠላሳ ዓመት ጦርነት፣ በ1993 ነጻነት፣ ከ1998 እስከ 2000 ደግሞ ሌላ እልቂት። ታዲያ ሉቻኖ የማን ነው? ይህችን ጥያቄ እዚህ ቦርንሃይም ብትጥላት ቡናው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። አንዱ «የኛ ነው፤ በባንዲራችን ተጫውቷል» ይላል። ሌላው «አሥመራ ተወልዶ?» ይላል። ጣሊያኖቹም ሮም ላይ ካረፈ በኋላ «የኛ» ማለት ጀምረዋል። በልጅነቱ ሁሉም «የኔ አይደለም» ያለውን ሰው፣ ካረጀ በኋላ ሁሉም ሲሻማበት ማየት ያሳቅቃል።

ሉቻኖ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን በተለያየ ጊዜ አሰልጥኗል። ደርግ መጣ። ቀይ ሽብር መጣ። በ1978 እሱም እንደ ሌላው ሰው ያለውን ጥሎ በጅቡቲ በኩል ወጣ። በጅቡቲ መንገድ የወጣ አንባቢ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ላልወጣው ደግሞ እኔ በጋዜጣ ላስረዳው አልችልም።

መጨረሻው ሮም ሆነ፤ ባሕሩ ዳር ኦስቲያ። የአፍሪካ ሻምፒዮን አምበል የነበረው ሰው እንደገና መፍቻውን አንስቶ መኪና ሥር ገባ። እዚህ ሰፈራችን በኡ-ባን ቁጥር 4 ሌሊት ከሥራ ስንመለስ አጠገባችን የተቀመጠው ወገን አገር ቤት ምን እንደነበረ ብንጠይቀው ከእኛም መካከል ርእሰ መምህር፣ ሻምበል፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ይገኛል። ታክሲ ይነዳል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ቢሮ ያጸዳል። ሉቻኖ ከብዙዎቻችን የሚለየው ሁለቱንም አለመጣሉ ነው። ቀን ጋራዥ ይሠራል፤ ደግሞ ለሰፈሩ ልጆች የኳስ ትምህርት ቤት ከፍቶ ያሰለጥናል። የኦስቲያ ልጆች ወላጆች ያ አሰልጣኝ ምን እንደነበረ ስንቶቹ ያውቁ ይሆን?

የሕይወት ታሪኩን በጣሊያንኛ ጽፏል። ርእሱ ወደእኛ ቋንቋ ሲመለስ «እማዬ፣ ገንዘቡ ይኸው» እንደማለት ነው። ከኢትዮጵያ አንድ ዋንጫ ያነሳ ሰው ለመጽሐፉ ርእስ ዋንጫውን ሳይሆን እናቱን መምረጡ የሚነግረን ብዙ ነው። ያለአባት ያደገ የበኩር ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ምን እንደሆነ እናውቃለንና። በአማርኛ ተተርጉሞ ግን እኔ አላየሁም። በየከተማው የወገን ማኅበር አለን፤ በየዓመቱ የስደተኛ ቡድኖች ውድድር እናዘጋጃለን። ጣሊያንኛ የሚያነብ ሰው በመካከላችን ሞልቷል፤ በተለይ አሥመራ የተማሩት። አንዱ ይህን መጽሐፍ ይዞ ቢቀመጥ ሥራው ከአንድ ክረምት አያልፍም።

ይህን ስል እዚሁ ያሉትን ጀርመኖች አይቼ ነው። በቦርንሃይም ኮረብታ ያለው የኤፍ.ኤስ.ፋው. ፍራንክፈርት ክለብ በ1899 የተቋቋመ ነው። በ1925 ለጀርመን ሻምፒዮንነት ፍጻሜ ደርሶ በተጨማሪ ሰዓት በኑርንበርግ 1 ለ 0 ተሸነፈ። የዚያ ጨዋታ ታሪክ እስከዛሬ በክለቡ ታሪክ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የተሸነፉትን ነው! እኛ ያሸነፍነውን ያነሳውን ሰው ስም ስንጠየቅ እንደናገራለን።

ሉቻኖ ቫሳሎ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 2022 በ87 ዓመቱ ሮም ላይ አረፈ። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አገር ቤት አበባዬሆሽ ገና ሳያበቃ። ኢትዮጵያ ከ1982 በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 31 ዓመት ፈጅቶባት በ2013 በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ዘመን ደቡብ አፍሪካ ላይ ስትታይ፣ እሱ በሕይወት ነበረ።

ዋንጫውስ የት ገባ የሚል አንባቢ ይኖራል። ሉቻኖ ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው የብር ዋንጫ በመጀመሪያው የኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት በግብፃዊው አብዱልአዚዝ ሳሌም ስም የተሰየመ ነበር። ደንቡ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ለሁልጊዜ ይወስደዋል ይላል። ጋና በ1963፣ በ1965 እና ለሦስተኛ ጊዜ አሸነፈችና አስቀረችው። ሦስተኛው ድል በ1978 ነው፤ አምበላችን ጅቡቲን በተሻገረበት ዓመት።