በሽታም እንደ ዕቃ ቍጥር አለው

ጥሬ ቡና ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ዕቃው በዓለም የጉምሩክ መደብ 0901.11 ተብሎ እንደሚመዘገብ ያውቃል። ቍጥሩ ቢሳሳት ዕቃው ይያዛል፤ ገንዘቡም ይዘገያል። ለሕመምም እንዲህ ያለ መደብ መኖሩን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

መነሻው ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ነው። በ1948 ዓ.ም. ኃላፊነቱን የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበ። አሜሪካ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በ10ኛው እትም ላይ የራስዋን አኃዝ ጨምራ ትሠራበታለች፤ በዚያ አገር ኢንሹራንስ ከመክፈሉ በፊት የሚመለከተው ይህንኑ ቍጥር ነው።

በጉልበት ጎን የሚያልፈው ነርቭ ተጎድቶ የእግር ጫፍ ወደ ላይ አልነሣ ቢል፥ መደቡ ጂ57.3 ይባላል። አሜሪካውያን ቀኙን ጂ57.31፥ ግራውን ጂ57.32 ብለው ይለያሉ። ጫማ በጥንድ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ይለው ይሆናል፤ ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ግን እንዲህ አይልም።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያገኘው የስኳር በሽታ በሁለቱም እግሮች ነርቮች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ከጣቶች ይጀምራል፤ ያቃጥላል፥ ቀጥሎም ያደነዝዛል። እግሩ የደነዘዘ ሰው ሚስማር ቢረግጥ አይሰማውም፤ ቍስሉን የሚያየው ካመረቀዘ በኋላ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ላለበት ሰው የዚህ ጉዳት ቍጥር ኢ11.42 ሲሆን፥ ምክንያቱንና ጉዳቱን ባንድነት ይይዛል። ሐኪሙ «የብዙ ነርቮች ሕመም» ብቻ ብሎ ቢጽፍ ግን መዝገብ ያዡ ጂ62.9 ያደርገዋል፤ ትርጓሜውም ምክንያቱ ያልተገለጸ ማለት ነው።

ልዩነቱ የገንዘብም የእግርም ነው። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ አረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ፥ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በስኳር በሽታ እግራቸው ለደነዘዘ ሰዎች በየ6 ወሩ የእግር ምርመራ ይከፍላል፤ በመካከሉ ለሌላ ምክንያት ወደ እግር ሐኪም ያልሄዱ እንደ ሆነ ነው። ጂ62.9 ብቻ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ስኳሩ አይታይምና ክፍያው ሊከለከል ይችላል። መዝገብ ያዡም ሐኪሙ ያልጻፈውን ከራሱ ሊጨምር አይፈቀድለትም፤ መልሶ ሐኪሙን ይጠይቃል እንጂ። ይህም ተገቢ ነው፤ ያልመጣ ዕቃ በዲክላራሲዮን ላይ የሚጽፍ አስተላላፊ ምን እንደሚገጥመው ነጋዴ ያውቀዋል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ሱቅ ከፍተው ያረጁ ኢትዮጵያውያን ስኳር ካለባቸው፥ የእግራቸውን መደንዘዝ ሳይሸሽጉ ለሐኪሙ ነግረው የተጻፈላቸውን ቍጥር ቢጠይቁ ይጠቀማሉ። የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛውን እትም ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ አውሎአል፤ አሜሪካ ግን ገና አልተሸጋገረችምና በዚያ የሚጠየቁት እነዚሁ ቍጥሮች ናቸው።