«ማር» ስለሚባለው ቃል

ሁለት ሰዎች በመልክ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ወንድማማች ናቸው እንደማይባል፤ ሁለት ቃሎችም በድምፅ ስለ ተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው አይባልም። የቃል ዘር የሚታወቀው በሥሩ ነው። ለዚህም «ማር» የተባለው አጭር ቃል መልካም ምሳሌ ይሆናል።

በአማርኛ ማር የሚባለው ንብ የምትሠራው ጣፋጭ ምግብ ነው። በግዕዝ ስሙ «መዓር» ነው፤ በአማርኛ የጉሮሮው ድምፅ ስለ ጠፋ «ማር» ሆነ። «በደለኛን ማር» ሲባል ግን ቃሉ ሌላ ነው፤ «መሐረ» ከሚለው ግሥ ወጥቷልና። እንዲሁም «ተማር» የሚለው «መሀረ»፤ ማለት አስተማረ፤ ከሚለው የመጣ ነው። ሦስቱ በግዕዝ የተለያዩ ሲሆኑ በአማርኛ በድምፅ አንድ መሰሉ።

በሶርያ ቋንቋ ማር የክብር መጠሪያ ሲሆን፤ ትርጓሜው ጌታ ነው። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ «ማር ይስሐቅ» የተባለው፤ በ7ኛው መቶ ዓመት የነበረው የነነዌው ጳጳስ ይስሐቅ በዚህ ማዕረግ ስለ ተጠራ ነው። ተማሪ የንብ ማር ቢመስለው መምህሩ ሊያስረዳው ይገባል።

በዕብራይስጥ ደግሞ ማር ማለት መራራ ነው። ኑኃሚን ባልዋና ልጆችዋ ከሞቱባት በኋላ «ማራ» ተብላ ልትጠራ የወደደችው ስለዚህ ነው (ሩት 1፥20)። በፋርስ ቋንቋ ማር እባብ ነው። በእስጳንያና በፖርቱጋል ቋንቋ ግን ባሕር ማለት ነው፤ ይኸውም «ማሬ» ከሚለው ከላቲን ቃል የመጣ ነው።

እንግዲህ ድምፅን ብቻ የሚከተል ሰው ማርን መራራ፤ ባሕርን እባብ ያሰኛል። ሥሩን የሚመረምር ግን እውነተኛውን ዘመድ ያገኛል። የዕብራይስጡ ማር ከአማርኛው ማር ጋራ ዝምድና የለውም፤ ነገር ግን ከግዕዙ «መሪር»፤ ከአማርኛውም «መራራ»፤ ከዓረብኛውም «ሙር» ጋራ ፊደሉም ትርጓሜውም ስለሚስማማ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ስለዚህ መምህር ይህ ቃል ከዚያ መጣ ከማለቱ በፊት ግሡንና ፊደሉን ይመልከት። ልጆችም «ምሕረት»ን በሐመሩ ሐ፤ «ትምህርት»ን በሃሌታው ሀ መጻፍን ይልመዱ። በአነጋገር የጠፋው የቃል ዘር ተጠብቆ የሚኖረው በጽሕፈት ነውና።