እግሩ ከጋሪው ያለፈ ልጅ

አምስት ዓመት የሞላውን ልጅ በጋሪ እየገፋ የአርባ ምንጩን ሲቀላ ሰፈር የሚያቋርጥ ወላጅ ብዙ ዐይን ይከተለዋል። ከመናኸሪያው ተነስቶ ገበያው ዘንድ እስኪደርስ ቢያንስ አንዲት እናት «ኧረ እሱማ ትልቅ ሰው ነው፤ ውረድና በእግርህ ሂድ በሉት እንጂ!» ማለቷ አይቀርም። አስተያየቱ ከክፋት የመጣ አይደለም። በጋሞ ደጋ የዚያ ልጅ እኩያ ከብት ይጠብቃል፤ ታናሹን ያዝላል። ነገር ግን ከአትላንታ ወይም ከስቶክሆልም ተነስቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣ በማግስቱ አርባ ምንጭ የገባ ልጅ ከቀትር በኋላ በሚነደው የቆላ ፀሐይ እግሩ ሲከዳው «ሂድ» ቢሉት አይሄድም። አባት መጀመሪያ ትከሻው ላይ ያወጣዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን 20 ኪሎ ልጅ 20 ኪሎ መሆኑን የአባት አንገት ያውቀዋል። አንቀልባ ደግሞ ለዚህ ዕድሜ አልተሰፋም።

የጉዞ ጋሪ የሚያስፈልገው ለዚህች ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ላለችው ድካም፣ በረራ ለዘገየበት ምሽት፣ ልጅ በገበያ ግርግር መሐል እንዳይጠፋ። ቀኑን ሙሉ ይቀመጥበት ያለ የለም። ሆኖም ብዙ ሰው ለትልቅ ልጅ ጋሪ መግዛትን እንደ ቅምጥልነት ስለሚያየው ሳያስብበት ይገዛል፤ ወይም ታናሽየው የተወውን አሮጌ ጋሪ ይዞ ይመጣል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ተጣጣፊው ጋሪ ራሱ የአውሮፕላን ዘመድ ነው። እንግሊዛዊው ኦወን ማክላረን የስፒትፋየር የጦር አውሮፕላን የማረፊያ እግር በተሠራበት ሥራ የተሳተፈ መሐንዲስ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ ልጁ የመጀመሪያ የልጅ ልጁን ይዛ ስትመጣ ከባድ ጋሪ ስትጎትት አየና በ1965 እ.ኤ.አ. እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ጋሪ ነደፈ። ክብደቱ 3 ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ታጣፊ ጋሪዎች ሁሉ በሆነ መንገድ የእሱ ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ የታሰበው ግን ለሕፃን ነበር፤ ፋብሪካዎቹም እስከ ዛሬ በዐይነ ሕሊናቸው የሚያዩት የ2 ዓመት ልጅ ይመስላል።

ፍሬኑ ይያዝ፣ ቀበቶው ይታሰር፣ ሲታጠፍ የልጅ ጣት እንዳይገባበት። ይህን ማንም ያውቀዋል።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር ነው፤ ኪሎው። ወላጅ ጋሪ ሲገዛ መለያው ላይ «እስከ 22 ኪሎ» የሚለውን ያነባል፤ ልጁን ሚዛን ላይ ያወጣል፤ 21 ኪሎ ሆኖ ሲያገኘው «ይበቃዋል» ብሎ ከፍሎ ይወጣል። ያ ቁጥር ግን ስለ ልጁ የሚናገረው ነገር የለም። የሚናገረው ስለ ብረቱ ነው። በአውሮፓ የጋሪ ደረጃ ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ክፍል እስከ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሲሆን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ክፍል ከ15 እስከ 22 ኪሎ ላለው ነው። በደረጃው መሠረት ጋሪው በዚያ ክብደት ተጭኖ ይፈተናል፤ አይሰበርም፣ አይገለበጥም ማለት ነው። የልጁ ራስ የት እንደሚደርስ፣ እግሩ የት እንደሚያርፍ ግን ኪሎው አይናገርም።

ረዥምና ቀጭን ልጅ የሚጎዳው በዚህ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሠንጠረዥ መሠረት መካከለኛ የሆነ የ6 ዓመት ወንድ ልጅ ቁመቱ 116 ሳንቲሜትር፣ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ቀጠን ያለ፣ ከእኩዮቹ በግልጽ የሚረዝም ልጅ 125 ሳንቲሜትር ደርሶም ከ22 ኪሎ ሳያልፍ ሊቀር ይችላል። ሚዛኑ «ግባ» ይለዋል፤ ጋሪው «አልያዝህም» ይለዋል። ልጅ ሲቀመጥ ከመቀመጫው እስከ አናቱ ያለው ርዝመት ከቁመቱ እኩሌታ ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ ይህ ልጅ ሲቀመጥ 67 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። የብዙዎቹ ታጣፊ ጋሪዎች መደገፊያ ግን ከመቀመጫው 50 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ ያበቃል። የቀረው አንገትና ራስ የሚደገፈው በጥላው ጨርቅ ነው፤ ልጁም አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅሮ ይሄዳል። እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ ይብስበታል።

ስለዚህ ሚዛኑ ይቅርና የልብስ ሰፊ ሜትር ይምጣ። ልጁ ወለል ላይ ተቀምጦ ጀርባውን ግድግዳ ያስደግፍ። አናቱ ላይ መጽሐፍ አግድመው ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከወለሉ እስከ ምልክቱ ያለው ርዝመት ከጋሪው መቀመጫ እስከ ጥላው ውስጠኛ ጨርቅ ካለው ርዝመት ማነስ አለበት፤ ቢያንስ አራት ጣት ትርፍ ካልኖረ ጋሪው አይሆነውም። እዚያው እንደተቀመጠ ትከሻውም ይለካ። የትከሻ ቀበቶ የሚወጣበት የላይኛው ቀዳዳ ከልጁ ትከሻ በታች ከሆነ ቀበቶው ትከሻውን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ልጁ እጁን ያወጣል፤ ወላጅም «አስቸገረ» ብሎ ቀበቶውን ይተወዋል። አስቸጋሪው ልጁ አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው እግር ነው። ከጉልበቱ መታጠፊያ ጀርባ እስከ ተረከዙ ያለው ርዝመት ከመቀመጫው ጫፍ እስከ እግር ማሳረፊያው ካለው ጋር ይመሳከር። ማሳረፊያው ከቀረበ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፤ የሰውነቱ ክብደት በሙሉ ታፋው ላይ ሳይሆን መቀመጫው ላይ ይወድቃል። ይህ የሰለቸው ልጅ እግሩን ከማሳረፊያው አውርዶ ያንጠለጥላል። ከዚያ ወዲያ ጫማው መሬት ይጠርጋል፤ ወይም ወደሚሽከረከረው የፊት ጎማ ይገባል። ይህን የሚጽፈው ሰው ሲቀላ ኮብልስቶን ላይ ያያት ልጅ እንዲህ ሆና ነበር። ለእንግድነት የመጣች፣ እግረ ረዥም፣ ምናልባት 7 ዓመት የሚሆናት። ሰንደሏ በጎማውና በድንጋዩ መሐል ተቀረቀረ፤ ጋሪው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሚገፋውን አጎቷን መያዣው ሆዱ ላይ መታው። ልጅቷ ሳቀች። አጎት አልሳቀም፤ «ጎማው የማይረባ ነው» ብሎ ጋሪውን ረገመ። ጋሪው ምን በደለ?

ጎማው ግን በእርግጥ ራሱን የቻለ ነገር አለው። አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ይባላል፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች፣ በመካከላቸው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት። አስፋልቱ ላይ የትኛውም ጋሪ ይሄዳል፤ ዳገቱን ደግሞ ባጃጅ ያወጣዋል። ችግሩ ውስጥ ለውስጥ ያለው ኮብልስቶንና ጠጠር ነው። ለአውሮፕላን የተሠሩ ትንንሽ ጋሪዎች ጎማቸው የቡና ስኒ ማስቀመጫ ያህል ነው፤ በእያንዳንዱ የድንጋይ ስንጥቅ ይገባል። ጎማ ባነሰ ቁጥር ትንሿን እብጠት ለመውጣት የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ረዥም ልጅ ሲቀመጥበት ደግሞ እግሩ ወደ ፊት ስለሚወጣ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎቹ ያዘነብላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወደ ጎን የሚዞሩት የፊት ጎማዎች መቆለፊያ ካላቸው ቀጥ ተደርገው ይቆለፉ፣ መጥፎው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጋሪው ዞሮ ወደ ኋላ ይጎተት። ትልልቆቹ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ይወጡታል። በንፋስ የሚሠራ ጎማ ምቹ ነው፤ ግን የግራር እሾህ ወዳለበት ከተሄደ መጨረሻው ጎሚስታ ቤት ነው። ደጋው ላይ ወዳሉት ዶርዜና ጨንቻ ለሚወጣ ጋሪ ምክሩ አጭር ነው፤ መኪናው ውስጥ ይቆይ።

ሲቀላ ገበያ የገባ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመለስም። የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ ነውና በፌስታል ተሞልቶ ጋሪው መያዣ ላይ ይንጠለጠላል። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ምንም አይታወቅም፤ 20 ኪሎው ይዞታል። ልጁ «ወረድኩ» ብሎ የዘለለ እንደሆነ 6 ኪሎ የማይሞላው ጋሪ ሙዙን ተከትሎ በጀርባው ይወድቃል። ሕፃን የያዘ ወላጅ ልጁን አንስቶ ስለሚያወርድ ፌስታሉን ያስታውሳል፤ ትልቅ ልጅ ግን ሳያስፈቅድ ነው የሚወርደው። ያ ዕቃ ከመቀመጫው ሥር ባለው ቅርጫት ይግባ፤ ካልገባ ሰው ይሸከመው።

ስለ አውሮፕላኑም ብዙ የተጋነነ ነገር አለ። «ካቢን ውስጥ የሚገባ ጋሪ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አይገባም። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳዩ ቤቢዘን ዮዮ ሲታጠፍ ወርዱ 44 ሳንቲሜትር ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት 40 ብቻ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በጊነስ መዝገብ በመታጠፍ የዓለም ትንሹ የተባለው ጂቢ ፖኪት ይገባል፤ እሱ ደግሞ ለረዥም ልጅ አሻንጉሊት ነው። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ የሚበረው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ከሆነ ከራስ በላይ ያለው ሣጥን ትንሽ ስለሆነ የቱም ጋሪ ቢሆን በር ላይ ወይም ከሻንጣ ጋር ቢሰጥ ይሻላል። ስለዚህ ለአንድ ሣጥን ሲባል መደገፊያ የሚያሳጥር ሰው የ6 ዓመት ልጁን ለአንድ በረራ ምቾት ሸጦታል። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይጠየቅ፤ በነፃ የሚጫን ጋሪ የሚባለው ብዙ ጊዜ ለሕፃን ትኬት ነው፤ የራሱ ወንበር ያለው ትልቅ ልጅ ጋሪው እንደ ሻንጣ ሊቆጠርበት ይችላል።

ያ «ትልቅ ሰው ነው» የሚለው አስተያየት የሚከብደው ግን ሌሎች ወላጆች ላይ ነው። መራመድ ለማይችል ወይም ጥቂት ሄዶ ለሚዝል ልጅ፣ ወይም ኦቲዝም ኖሮት ጩኸትና ሰው ሲበዛበት በድንገት ለሚሮጥ ልጅ ጋሪው የጉዞ ዕቃ አይደለም። ከውጭ የማይታይ ችግር ስለሆነ የመንገድ ዳኛ ይበዛባቸዋል። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ስትከፍት እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹ ቤት ውስጥ ተደብቀው ነበር የሚያድጉት። ለእነዚህ ልጆች ታስበው የተሠሩ ጋሪዎች አሉ፤ የማክላረን ድርጅት ራሱ ሜጀር የሚለውን፣ 50 ኪሎ ልጅ የሚችለውን ታጣፊ ጋሪ ሠርቷል። ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ለሚያቅተው ልጅ ግን ከሱቅ የተገዛ ጋሪ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊበልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዊልቸር መመሪያ ከሪፈራልና ከቀጠሮ እስከ ክትትል ስምንት ደረጃ ያስቀመጠው ለዚህ ነው። አርባ ምንጭ ያለ ቤተሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደገፉ ከነበሩት የአካል ተሐድሶ ማዕከሎች አንዱ እዚያው ከተማ ነው። ጋሪ ከመግዛት በፊት እዚያ ልጁን ማሳየት ይቀድማል።

የቀረው የጥገና ነገር ነው። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ሲሰበር ግን ተራ በያጅ አይበይደውም። ብረት ይከብዳል፤ ሲቀላ ውስጥ በየትኛውም ብየዳ ቤት ተበይዶ በዚያው ቀን ይመለሳል። አቧራ የገባበት የጎማ ኩሽኔታ ደግሞ በጨርቅ ተጠርጎ ጠብታ ዘይት ካገኘ ዝም ይላል። ውኃ ባይረጭበት ይመረጣል። ከውጭ የመጡ ቤተሰቦች ሲመለሱ ጋሪውን ለዘመድ ልጅ ትተው የመሄድ ልማድ አላቸው፤ መልካም ነው። የሚተዉት ከሆነ ትርፍ የፊት ጎማና ትርፍ የቀበቶ መቆለፊያ አብረው ይተዉ፤ እዚህ ፈልጎ የማይገኘው እሱ ነው።