ደመና የከበባቸው ደሴቶች፦ ቀይ ቀበሮና የእኛ ውሾች

ሕዝብ በሚያልቅበት ዘመን ስለ ቀበሮ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚሉኝ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እስቲ ትንሽ ታገሡኝ።

ከምኖርበት ከሮም በስተሰሜን ምዕራብ፣ ባሕር ላይ፣ ሞንቴክሪስቶ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ከሰው ጋር የገቡ አይጦች የባሕር ወፎቹን ጫጩት ሲፈጁ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያኖች በሄሊኮፕተር መርዝ በትነው አጠፏቸው። (ጣሊያንና ከሰማይ የሚወርድ መርዝ ሲባል እኛ የምናስታውሰው የ1928ቱን ነው፤ እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።)

ደሴት ግን በውኃ የተከበበ ብቻ አይደለም። ከ3000 ሜትር በላይ ያሉት ውርጫማ ተራሮቻችን በእርሻና በቆላ የተከበቡ ደሴቶች ናቸው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ፍልፈልና አይጥ እያደነ የሚኖረው እዚያ ነው። ዛሬ የቀሩት አዋቂዎቹ ከ500 በታች ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላዩ በባሌ ነው። አንዱ ተራራ ላይ ካለቀ ከሌላው ተሻግሮ የሚተካው የለም። የጎጃሙ ጮቄ ባዶ የቀረው እንዲህ ነው።

የገብስ እርሻ ሽቅብ እየወጣ መሬቱን ያጠበዋል። ፈጥኖ የሚገድለው ግን ከእረኛው ጋር የሚወጣው ያልተከተበ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ወብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ጨረሰ። በዙሪያው የነበሩትን ይዞ በመከተብ ነበር ስርጭቱ የተገታው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ በሥጋ ውስጥ የተደበቀ፣ የሚበላ ክትባት ይሰጣቸዋል። ውሻ መከተቡ ቀበሮውን ብቻ ሳይሆን እረኛውን ልጅም ያድናል። ታዲያ ይህ ቅንጦት ነው?

መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለውን ሜዳ ገበሬው ራሱ ለዘመናት ጠብቆታል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል (የቅርቡን የወጣቶች ንቅናቄ እንዳታስቡ)። በመረጡት አለቃ ሥር ሜዳውን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ ከፍተው ለቤት ክዳን ያጭዳሉ፤ ሕግ የጣሰ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኛውን ነፃ ማውጣቱ አይካድም፤ ይህን ሥርዓት ግን አብሮ ሻረው፤ ሜዳውም ለሁሉ ክፍት ሆነ። በኋላ መልሶ ያቋቋመው የአዲስ አበባ ሹም ሳይሆን የአካባቢው ሕዝብ ነው። መንግሥት የሕግ እውቅና የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2012 ነበር።

በ2015 ክረምት በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ጦርነት ሳቢያ ግን ስሜንም መንዝም ለጠባቂና ለክትባት ሠራተኛ እንደ ልብ የሚኬድበት አገር መሆኑ ቀርቷል። ውሻው ግን ዛሬም ከከብቱ ጋር ሽቅብ ይወጣል።