በስልካቸው ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ስንቶች ናቸው?

የ2017 በጀት ዓመት ሲዘጋ ኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞቹ ቁጥር 83.2 ሚሊዮን መድረሱን አስታወቀ። የየአገሩን የኢንተርኔት አጠቃቀም በየዓመቱ የሚያጠናቅረው ዳታሪፖርታል በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ያወጣው አኃዝ ግን በኢትዮጵያ ወደ 28 ሚሊዮን ተኩል የኢንተርኔት ተጠቃሚ እንዳለ ይናገራል። ከ5 ሰው 1 መሆኑ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንደኛው ተሳስቷል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን የተቆጠረው ነገር አንድ አይደለም።

ቴሌ የሚቆጥረው መስመር ነው፤ አብዛኛው ደግሞ የሞባይል ሲም ነው። ሁለት ሲም ያለው ሰው ሁለት ደንበኛ ይሆናል። ተፎካካሪው የቴሌኮም ኩባንያ ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱን ሲም ለጥሪ፣ ሌላውን ለዳታ የያዘ ከተሜ በዝቷል። ገጠር ውስጥ ግን አንድ ስልክ ለመላው ቤተሰብ የሚያገለግልበት ቤት አለ፤ እዚያ አባት፣ እናትና ልጆች በአንድ ሲም ስር ይቆጠራሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ሲም ያለው ሁሉ ዳታ ይከፍታል ማለት አይደለም። ለመደወልና ጥሪ ለመቀበል ብቻ የሚያገለግል መስመር ሞልቷል።

ሰውን የሚቆጥሩት ደግሞ ሌላ መለኪያ አላቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚለው ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ከየትም ቦታ፣ በማንኛውም መሣሪያ ኢንተርኔት የተጠቀመን ሰው ነው። ለፋሲካ ከከተማ በመጣ የእህቱ ልጅ ስልክ የሠርግ ቪዲዮ ያየ ገበሬ፣ ከነጋ እስኪመሽ ቲክቶክ ላይ ከዋለ ወጣት ጋር እኩል አንድ ሆኖ ይመዘገባል። መለኪያው ስህተት ነው አልልም፤ አገርን ከአገር ለማወዳደር ይጠቅማል። የሰዉን ኑሮ ግን አያሳይም።

አስቸጋሪው ነገር ጥያቄው ራሱ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ደጃፍ ላይ ቆሞ «እማማ፣ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ?» ቢል፣ «ኧረ ልጄ፣ እኔ ኢንተርኔት የት አውቄ!» የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። እኚሁ እናት ግን ማታ ማታ ቤይሩት ወይም ሪያድ ካለች ልጃቸው ጋር በኢሞ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ኢሞ በደካማ ኔትወርክም ስለሚሠራ ዓረብ አገር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች በብዛት የሚገናኙበት ነው። ለእሳቸው ያ «ልጄን ማየት» ነው፤ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር የተማሩ ሰዎች ቢሮ ውስጥ የሚሠሩበት ነው። ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በተደረጉ ጥናቶች ኢንተርኔት አልጠቀምም ያሉ ሰዎች በዚያው ቃለ መጠይቅ ፌስቡክ እንጠቀማለን ብለዋል። ስለዚህ ጥሩ ጠያቂ ኢንተርኔት የሚለውን ትቶ ኢሞ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ እያለ በስም ይጠይቃል።

በተቃራኒው ደግሞ የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚመስሉ ግን ያልሆኑ አሉ። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ በ4 ዓመት ውስጥ ከ54 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ መዝግቧል። ቁጥሩ ከኢንተርኔት ተጠቃሚው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ የሆነው ቴሌብር ያለ ዳታም ስለሚሠራ ነው። *127# ብሎ ለሚደውል ሰው የሚላከው ዝርዝር የሚያልፈው ስልኩ ጥሪ ለመቀበል ሁልጊዜ ከማማው ጋር በሚነጋገርበት መስመር ነው። ዳታ አይፈጅም፣ ስማርት ስልክ አይጠይቅም፤ ባለቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። የባንኮቹ የኮከብና የመሰላል ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው።

ይህ መንገድ ግን ጉድለት አለው። ጽሑፉን አንብቦ፣ ቁጥር መርጦ፣ የምሥጢር ቁጥር አስገብቶ ለመጨረስ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ማንበብ የሚያዳግተው ሰው መሀል ላይ ይቋረጥበትና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ስልኩን ለሱቁ ልጅ ይሰጠዋል። «አንተ ላክልኝ፣ ቁጥሩ ይሄ ነው» ብሎ የምሥጢር ቁጥሩንም ጮክ ብሎ ይነግረዋል፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቀው ሁሉ እየሰማ። የሱቁ ልጅ ብዙ ጊዜ ታማኝ ነው፤ ቢሆንም የአንድ ቤተሰብ ገንዘብ በታማኝነቱ ላይ ብቻ ማረፍ የለበትም።

ታዲያ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔት የማይጠቀመው ኔትወርክ ስላልደረሰው ነው? ብዙዎቻችን የምናስበው እንዲያ ነው፤ ችግር በተነሳ ቁጥርም ማማ ይተከል እንላለን። የዓለም የሞባይል ኩባንያዎች ማኅበር ጂኤስኤምኤ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከሰሐራ በታች ካለው የአፍሪካ ሕዝብ በሞባይል ኢንተርኔት የሚጠቀመው 27 በመቶ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ኔትወርክ ጨርሶ ያልደረሰው 13 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው 60 በመቶ ማማው ደርሶት የማይጠቀም ሕዝብ ነው። ዋናው ጥያቄ ያለው እዚህ ነው፤ ኔትወርኩ በራሱ ላይ እያለፈ ሰው ለምን ከዚያ ውጪ ይሆናል?

መጀመሪያ ስልኩ። ርካሽ የሚባለው አዲስ ስማርት ስልክ ዝቅተኛ ተከፋይ ከሆነ የመንግሥት ሠራተኛ የአንድ ወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ለቀን ሠራተኛና ለገበሬማ ከበግና ከፍየል ዋጋ ጋር የሚመዘን ነው። የቻይናው ኩባንያ ትራንሽን ቴክኖ ስልኮችን እዚሁ አገር መገጣጠም ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዕቃው ግን በዶላር ስለሚገባ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅና ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ57 ብር ወደ 100 ብር ሲሻገር የስልክም ዋጋ አብሮ ወጣ። ብዙው ሰው ያገለገለ ስልክ የሚገዛው፣ የተሰነጠቀ ስክሪን ይዞ ዓመት የሚቆየው ለዚህ ነው። ያገለገለው ስልክ ደግሞ ሚሞሪው ቶሎ ይሞላል፤ አዲሱን የባንክ መተግበሪያ አልጭንም ይላል። ባለቤቱ ስማርት ስልክ አለው ተብሎ ይቆጠራል እንጂ ሊሠራበት የሚችለው ትንሽ ነው።

ኤሌክትሪክም አለ። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው መብራት የለውም። ባለቁልፉ ስልክ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ቀናት ይሄዳል፤ ስማርት ስልክ ግን እስከ ማታ አይቆይም። መብራት በሌለበት ቀበሌ ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በገበያ ቀን፣ ሶላር ያለው ሱቅ ውስጥ፣ በክፍያ ነው። ስማርት ስልክ መግዛት የሚችል ገበሬ እንኳ ባለቁልፉን ቢመርጥ የሚጠቅመውን ስላወቀ ነው።

ከዚያ ዳታው። ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋውን በ43 በመቶ ሲቀንስ ብዙ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ፓኬጅ መግዛት ጀመረ፤ በኋላም ተፎካካሪ መምጣቱ ጠቅሟል። ሆኖም ጥቂት ብር ያለው ሰው የሚገዛው የወሩን ሳይሆን የቀኑን ፓኬጅ ነው፤ የቀኑ ደግሞ በሜጋ ባይት ሲሰላ ከወሩ ይወደዳል። ስለዚህ ዳታውን እንደ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ይውላል። ሲያበራው መልእክቱ ተግተልትሎ ይገባል፤ ቶሎ ቶሎ አንብቦ፣ የድምፅ መልእክት መልሶ፣ ያጠፋዋል። ቀኑን ሙሉ ተገናኝቶ የሚውለውና በቀን 10 ደቂቃ የሚያበራው ሰው የሚያገኙት ጥቅም የተራራቀ ነው።

«ፓኬጄ ሳልጠቀምበት አለቀ» የሚለው ሮሮም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ስልኩ ራሱ ከሚፈጀው ዳታ ነው። ጽሑፍ የሚፈጀው ከምንም አይቆጠርም። ቪዲዮ ግን እንደ ጥራቱ በሰዓት ከ300 ሜጋ ባይት እስከ 1 ጊጋና ከዚያም በላይ ይበላል። ፌስቡክና ቲክቶክ ሲከፈቱ ቪዲዮው ሳይነካ ይጀምራል፤ ስልኩም ኪስ ውስጥ ሆኖ መተግበሪያዎችን ያድሳል። ቴሌግራም ደግሞ በየቡድኑ የተላከውን ፎቶና ቪዲዮ ራሱ ያወርዳል። ቅንብር ውስጥ ገብቶ አውቶማቲክ ማውረድን ማጥፋት፣ ዕድሳቱን በዋይፋይ ብቻ ማድረግና የዩቲዩብን ጥራት ዝቅ ማድረግ የቀን ፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ይህን ለወላጆቹ ቁጭ ብሎ የሚያስተካክል ልጅ ብዙ ብር ያድናቸዋል።

ያልተቆጠረ መንገድም አለ። በየክፍለ ከተማውና በየወረዳው ከተማ ሙዚቃና ፊልም የሚጭኑ ቤቶች አሉ። ወጣቱ ሚሞሪ ካርዱን ያቀብላል፤ ባለሱቁ በዋይፋይ ያወረደውን ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማና ድራማ ይጭንለታል። ከዚያ ከስልክ ወደ ስልክ ያለ ዳታ ይተላለፋል። ከዩቲዩብ የተነሳው ስብከት ዩቲዩብ ከፍቶ የማያውቅ ሰው ጋ የሚደርሰው እንዲህ ነው። የትኛውም ሪፖርት ይህን አይዘውም።

ሴቶች ከወንዶች ወደ ኋላ መቅረታቸው ከሁሉ ያሳስበኛል። በጂኤስኤምኤ የ2024 እ.ኤ.አ. ጥናት መሠረት ከሰሐራ በታች ያሉ ሴቶች በሞባይል ኢንተርኔት የመጠቀም ዕድላቸው ከወንዶች በ32 በመቶ ያንሳል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ቤት ውስጥ አዲስ ስልክ ሲገዛ መጀመሪያ ለባል ነው፤ የእሱ አሮጌ ለታላቅ ልጅ ይሄዳል፤ እናት የሚደርሳት ባለቁልፉ ነው። ትምህርት ቤት ያልገቡት ይበልጥ ሴቶች ስለሆኑ ንባቡም ያግዳል። ቋንቋው በአማርኛ በኩል ተሻሽሏል፤ የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ በየስልኩ መጻፍ ተችሏል። ከአማርኛ ውጪ ያሉት የአገራችን ቋንቋዎች ግን ገና ብዙ ይቀራቸዋል። ንባቡን ያቃለለው የድምፅ መልእክት ነው። ፊደል ያልቆጠረች እናት የማይክሮፎኗን ምልክት ተጭና ትናገራለች፤ ልጇ ከጅዳ በድምፅ ይመልስላታል።

ስልክም ብርም ዕውቀትም ኖሮ ኢንተርኔቱ የማይኖርበት ጊዜም ታይቷል። ሰኔ 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በመላ አገሪቱ ለ3 ሳምንት ያህል ተቋርጧል። ትግራይ ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረበት ጥቅምት 2013 አንስቶ 2 ዓመት ገደማ ኢንተርኔት፣ ለአብዛኛው ጊዜ ስልክም ጠፍቶ ቤተሰብ የቤተሰቡን ሞት ሳይሰማ ቆይቷል። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ባሕር ዳር ላይ ዕቃዋን በቴሌግራም የምትሸጥ ወጣት በዚያ ጊዜ ሲሟ እንደሠራ ነበር፤ በደንበኛነትም ተቆጥራለች። ገበያዋ ግን ቆሟል።

ይህን ሁሉ መለየት የሚያስፈልገው አገልግሎቱ ወደ ስልክና ወደ ኢንተርኔት እየተዛወረ ስለሆነ ነው። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው። የፓስፖርት ማመልከቻ በኢንተርኔት ሆኗል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትም የሚታየው በስልክ ነው። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ኮፒ ቤት ሄዶ፣ ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ፣ ከፍሎ ያስሞላል። መስመር ተቆጥሮ 83 ሚሊዮን ስለሞላ ሁሉም በራሱ ይጨርሳል ብሎ መስኮቱን የሚዘጋ መሥሪያ ቤት የሚዘጋው በእነዚህ ሰዎች ላይ ነው። ቢያንስ አንድ ቆሞ የሚያስተናግድ ሠራተኛ ይኑር፤ ማንኛውም የኢንተርኔት አገልግሎትም በባለቁልፍ ስልክ የሚሠራ አጭር ቁጥር አብሮት ይውጣ፤ አካባቢው በሚናገረው ቋንቋ፣ ለማንበብ በቂ ጊዜ ሰጥቶ።