ዕድሜ ልክ ግራውንድሆግ ማደን

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ማለዳ፣ በእኛ ጥር 25 ገደማ መሆኑ ነው፣ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት ፐንክሱታውኒ በምትባል ትንሽ ከተማ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ገና ሳይነጋ ኮረብታ ላይ ይሰበሰባል። ረጅም ጥቁር ባርኔጣ የደፉ ሰዎች ፊል የተባለውን ወፍራም ግራውንድሆግ ከማደሪያው አውጥተው ለሕዝቡ ያሳያሉ። ጥላውን ካየ ብርዱ ስድስት ሳምንት ይቀጥላል፤ ካላየ ሙቀቱ ቀርቧል ይባላል። በዚያ ኮረብታ ላይ ይህ ሥርዓት የተጀመረው በ1887 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የከተማዋ ሰዎች ግራውንድሆግን በበጋ አድነው፣ አብስለው፣ በግብዣ ላይ ይበሉት እንደነበር ዛሬ ካሜራ ፊት ብዙም አይነሳም።

አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ በዚያው ግዛት፣ የፊልን ዘመዶች የሚጠብቃቸው ሌላ ነው። ድርቆሽ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ አንድ ሰው ከማሳው ዳር ምንጣፍ ዘርግቶ በደረቱ ይተኛል። ጠመንጃው ፊቱ ባሉት ሁለት አጫጭር እግሮች ቆሟል፤ ከሰደፉ ሥር አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ገብቷል። ከጎኑ የርቀት መለኪያ፣ የእጅ መነጽርና ጠርዙ የተበላ ደብተር አለ። ከሦስት መቶ ሜትር ማዶ፣ አፈር ከተቆለለበት ጉድጓድ አፍ ላይ፣ ቡናማ ነገር ብቅ ይላል። ሰውየው አይቸኩልም። ሣሩ ወዴት እንዳዘነበለ ያያል፣ ደብተሩን ይገልጣል፣ የጠመንጃውን መነጽር ቁልፍ ጥቂት ነጥብ ያዞራል፣ እንደገና ሣሩን ያያል። ይህ ሁሉ ሲሆን እንስሳው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ብዙ ጊዜም ይገባል።

እንዲህ ያሉት አዳኞች አብዛኞቹ በልጅነታቸው ከአባት ወይም ከአያት ጋር የጀመሩና እስከ ሽምግልና ያልተዉት ናቸው። አጋዘን ለማደን ጫካ ለጫካ መንከራተት፣ የተጣለውንም መጎተት ያስፈልጋል፤ ጉልበት ሲከዳ ይቀራል። ይኸኛው ግን የሚፈልገው ዓይን፣ ትዕግሥትና ሒሳብ ነው።

ግራውንድሆግ ዛፍ ላይ ከሚሯሯጠው ስኩዊረል ወገን ነው፤ ኑሮው ግን ከመሬት በታች ነው። ሲያዩት የእኛን ሽኮኮ ያስታውሳል፣ ዝምድና ግን የላቸውም። ከ2 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲደነግጥ ስለታም ፉጨት ያሰማና ወደ ጉድጓዱ ይወረወራል። ጉድጓዱ ብዙ ሜትር የሚረዝም፣ ከአንድ በላይ በር ያለው ነው፤ እሱ ሲለቀው ቀበሮና ጥንቸል ይወርሱታል። በመከር ስብ አጠራቅሞ ብርዱን በሙሉ ይተኛል። ያኔ በደቂቃ 80 ጊዜ ያህል ይመታ የነበረው ልቡ ወደ 5 ምት ይወርዳል፣ የሰውነቱ ሙቀትም ከ10 ዲግሪ በታች ይሆናል። ሲነቃ የክብደቱን ሲሶ ያህል አጥቶ ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አበሾች ስሙን ባይዙትም እንስሳውን ያውቁታል፦ ከአውራ ጎዳናው ዳር ሣር ሲግጥ የሚታየው፣ በጓሮ የተተከለውን ጎመን በአንድ ጠዋት የሚጨርሰው እሱ ነው።

ሐኪሞችም የእሱ ውለታ አለባቸው። በ1978 በፊላደልፊያ የአራዊት ማቆያ ከነበሩ ግራውንድሆጎች የሰውን ሄፓታይተስ ቢ በጣም የሚመስል ቫይረስ መገኘቱ ይፋ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ የጉበት በሽታ ተመራማሪዎች በዚህ እንስሳ ላይ ብዙ ሠርተዋል።

ገበሬው ግን ውለታ የለበትም። አንድ ግራውንድሆግ ከጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አኩሪ አተር ወይም አልፋልፋ ክብ አድርጎ ያጸዳዋል፤ ጉድጓዱ ደግሞ የላም እግር ይሰብራል፣ የትራክተር ጎማ ያሰምጣል፣ የእህል ጎተራ መሠረት ይቦረቡራል። በ1883 የኒው ሃምፕሻየር ግዛት ምክር ቤት ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ኮሚቴ አቋቁሞ ለአንድ የተገደለ ግራውንድሆግ 10 ሳንቲም እንዲከፈል አድርጓል። የተፈጥሮ ወዳጅ የሚባለው ደራሲ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እንኳ ባቄላውን ያጠፋበትን አንዱን ገድሎ እንደበላው በ1854 ባሳተመው «ዋልደን» ላይ ራሱ ጽፏል።

በእኛ አገር የአደን ወግ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ የጣለ ይፎከርለት ነበር፤ ክብሩ የሚለካው በአውሬው አስፈሪነት ነው። እዚህ ነገሩ ተገልብጧል። ታዳኙ የሚያስፈራ አይደለም፣ ቀንድ የለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር የለው። ሁለት አዳኞች ሲገናኙ የሚነጋገሩት ስለ እንስሳው ሳይሆን ስለ ሜትሩ ነው፤ ስንት ላይ መታኸው፣ ነፋሱ ከየት ነበር፣ ምን ያህል ከፍ አድርገህ ያዝክ።

ሜትሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚያነጋግር ለመረዳት ጥይቷን መከተል ነው። ጥይት ከአፈሙዝ ከወጣችበት ቅጽበት ጀምራ ትወድቃለች። ለዚህ አደን የሚሆነው ፈጣን ጥይት 300 ሜትር ለመድረስ ሲሶ ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ በዚያች ሲሶ ሰከንድ የመሬት ስበት ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች ያወርደዋል። 400 ሜትር ላይ ጊዜው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይጠጋል፣ የሚወርደውም ከአንድ ሜትር ያልፋል። ርቀቱ በሲሶ ጨመረ፣ መውደቁ ግን እጥፍ ሆነ። እንስሳው በኋላ እግሮቹ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቁመቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ 450 ሜትሩን 400 ብሎ የገመተ ተኳሽ ትርፉ ከግራውንድሆጉ እግር ሥር አቧራ ማንሳት ነው። የሌዘር መለኪያ በ1990ዎቹ በየአዳኙ እጅ ከመግባቱ በፊት ይህ ግምት በዓይን ብቻ ነበር፤ ልጆች ከአባታቸው ጋር ማሳ ለማሳ በእርምጃ እየቆጠሩ ይማሩት ነበር። ያኔ የተማሩት ሽማግሌዎች ዛሬም መለኪያውን ከማየታቸው በፊት ቁጥሩን ጮክ ብለው መጥራት ይወዳሉ።

መውደቅስ በሒሳብ ይያዛል። ነፋስ ነው አስቸጋሪው። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚሄድ፣ ፊትን ቀዝቀዝ ከማድረግ የማያልፍ የጎን ነፋስ፣ ቀላሏን ጥይት 275 ሜትር ላይ ሩብ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይገፋታል፤ ይህ ከእንስሳው ስፋት ይበልጣል። ነፋሱም ከተኳሹ አጠገብ አንድ ዓይነት፣ ሸለቆው መሐል ሌላ፣ ጉድጓዱ ጋ ሦስተኛ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መሬቱ ሲሞቅ በጠንካራ መነጽር አየሩ ሲርገበገብ ይታያል። ርግብግቢቱ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ከወጣች ነፋስ የለም፤ ወደ ጎን ከተንጋለለች ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደበረታ ታሳያለች። ይህን ማንበብ ዓመታት ይፈጃል፤ ለሌላ በቃል ማስረዳትም አስቸጋሪ ነው።

አሁን የሚገርመው፣ ገበሬ ለሚጠላው ለዚህ እንስሳ ተብሎ ስንት የጠመንጃ ጥበብ እንደተወለደ ነው። በ1920ዎቹ ማሳቹሴትስ በሚገኘው የስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ዙሪያ የነበሩ፣ ኮሎኔል ታውንሰንድ ዌለንን ጨምሮ ጥቂት የተኩስ ፍቅረኞች፣ ትንሽ አረር በፍጥነት የሚያስወነጭፍ ጥይት አዘጋጁ፤ ዊንቸስተር በ1930 .22 ሆርኔት ብሎ ለገበያ አወጣው። አምስት ዓመት ቆይቶ ያው ኩባንያ .220 ስዊፍትን አመጣ። አረሩ በሰከንድ ከ1,250 ሜትር በላይ፣ ማለትም ከድምፅ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ ይፈጥናል። ለዚያ ዘመን የማይታመን ነበር፤ አፈሙዝ ቶሎ ይበላል እየተባለም ይታማ ነበር። በ1950 የሬሚንግተን ኩባንያ መሐንዲስና ራሱም አልሞ ተኳሽ የነበረው ማይክ ዎከር .222 ሬሚንግተንን ሠራ። የዚህ ቀለህ በኋላ ረዘም ተደርጎ የኤም 16 ጠመንጃ ጥይት ተወለደበት። ዛሬ የብዙ አገር ወታደር የሚታጠቀው ጥይት ዘሩ ሲቆጠር ከትናንሽ እንስሳት አደን ይደርሳል ማለት ነው።

የብዙዎቹ ምርጫ ግን .22-250 ሆኖ ኖሯል። ይህ ጥይት ለሠላሳ ዓመት ያህል ፋብሪካ የሌለው ነበር፤ የሰፈር ጠመንጃ ሠሪዎችና አዳኞች የሌላ ጥይት ቀለህ አንገቱን እያጠበቡ በእጃቸው ያበጁት ነበር። ሬሚንግተን በ1965 ነው ተቀብሎ በፋብሪካ ያመረተው። መነጽሩም እንዲሁ የራሱ ሰፈር ነበረው፦ ከጀርመን የመጣው ጆን አነርትል ፒትስበርግ ላይ የሠራቸው ረጃጅም የጠመንጃ መነጽሮች በኋላ የአሜሪካ አልሞ ተኳሾች ወደ ቬትናም ይዘዋቸው ዘምተዋል።

እንስሳው ሲተኛ አዳኙ አይተኛም። በረዶው ማሳውን ሲሸፍን ሥራው ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የተተኮሱ ቀለሆች ተደርድረዋል። ቀለህ ሲተኮስ ይሰፋል፤ ስለዚህ ይጸዳል፣ አንገቱ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ አዲስ መለኮሻ ይገጠምለታል፣ ከዚያ ባሩዱ ይመዘናል። መለኪያው ግሬን ነው፤ አንድ ግሬን 65 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ጠንቃቃው አዳኝ የግሬንን አንድ አሥረኛ ይለያል። ሚዛኑ ላይ አየር እንዳይነፍስ በሩን የሚዘጋ፣ እስትንፋሱንም የሚይዝ አለ። ያበደ ቢመስልም ምክንያት አለው። የባሩዱ መጠን ከተለያየ ፍጥነቱ ይለያያል፤ ፍጥነቱ ከተለያየ 400 ሜትር ላይ አንዷ ከፍ፣ አንዷ ዝቅ ትላለች። የእያንዳንዱ ዙር ውጤት ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ አንዳንዱ ሰው የአርባ ዓመት ደብተር አለው።

ከዚህ ጠረጴዛ የወጣ ሌላም ነገር አለ። እነዚሁ አዳኞች «የማን ጠመንጃ ይበልጣል» ብለው በበጋው መሐል ወረቀት ላይ መተኮስ ጀመሩ፤ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ ጥይቶቹን ምን ያህል አንድ ቦታ ማጠጋጋት እንደሚቻል መፎካከር። በ1947 በኒው ዮርክ ግዛት ጆንስታውን ላይ የተሰባሰቡት ተኳሾች ውድድሩን በማኅበር አደራጁት። ከሰፈሩ ታዋቂ የጥይት ቀማሪዎች አንዱ ሃርቪ ዶናልድሰን ነበር። ፔንሲልቬንያዎች ደግሞ ሸለቆ አሻግረው መተኮስ የለመዱ በመሆናቸው ርቀቱን አራዘሙት፤ በ1967 ዊሊያምስፖርት አጠገብ የአንድ ሺህ ያርድ፣ ማለትም የ914 ሜትር ክለብ መሠረቱ። በ1993 ጆን ቮኔይዳ የሚባል ተኳሽ እዚያ አሥር ጥይት ተኩሶ አሥሩም 8 ሳንቲሜትር ገደማ ላይ አረፉለት። አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ርቀት አሥሩም የቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ ገቡ ማለት ነው።

ማሳው የሌላ ሰው ስለሆነ አደኑ የሚጀምረው በር በማንኳኳት ነው። ፈቃድ የሰጠ ገበሬ በር መዝጋት የማይረሳ፣ እህል የማይረግጥ፣ ላሞቹ ባሉበት የማይተኩስ እንግዳ ይፈልጋል። ይህን የጠበቀ አዳኝ ድርቆሽ ሲጫን ትከሻ ያውሳል፣ በገና ስጦታ ይዞ ብቅ ይላል፤ ፈቃዱም ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። የፔንሲልቬንያ ሕግ ባለቤቱ ካልፈቀደ በስተቀር ሰው ከሚኖርበት ቤት በ150 ያርድ፣ 137 ሜትር ገደማ ውስጥ በጠመንጃ ማደንን ይከለክላል። ከሕጉ በላይ የሚታየው ግን የእንስሳው ጀርባ ነው። ከኋላው ጋራ ወይም ጉብታ ሳይኖር፣ ከሰማይ ጋር ተቆርጦ በቆመ ግራውንድሆግ ላይ ምላጭ የሳበ ሰው ሁለተኛ ማንም አብሮት አይወጣም።

ነገሩ የማይዋጥላቸው ብዙ ናቸው፣ አያስፈርድባቸውም። ሥጋው ይበላል፤ ብብቱ ሥር ያሉትን ዕጢዎች ቶሎ ያወጣ፣ የዘንድሮውን ግልገል የመረጠ ሰው ጥሩ ወጥ ይወጣዋል ይላሉ። አብዛኛው ግን ለአሞራና ለቀበሮ ይቀራል። ገበሬው ሰብሉ ስለዳነለት አመስጋኝ ነው፤ ሆኖም አዳኙ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የሚነሳው ለአኩሪ አተሩ አዝኖ ነው ማለት ይከብዳል። ከአዳኞቹም መካከል ግልገሎቹ ራሳቸውን እስኪችሉ እስከ ሰኔ መጨረሻ የማይተኩሱ አሉ። ርቀት ላይም ይከራከራሉ። የቆሰለ ግራውንድሆግ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይሞታል፤ ስለዚህ ጠንቃቆቹ ወረቀት ላይ በተደጋጋሚ ካልመቱት ርቀት ሕይወት ባለው ነገር ላይ አይተኩሱም። ለመጎረር ብሎ በ700 ሜትር የሚሞክረውን ሰው ዊሊያምስፖርት ያለው ወረቀት ቢፈትነው ይሻል ነበር።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ሲገናኙ የሚያነሱት አንድ ቅሬታ አለ፤ ግራውንድሆጉ እንደ ድሮው አይታይም። ኮዮቴ የተባለው የዱር ውሻ ባለፈው ክፍለ ዘመን ከምዕራብ ተስፋፍቶ ምሥራቁን ሞልቶታል። ማሳዎቹ ተጠቃለው በመካከላቸው የነበረው ቁጥቋጦ ተነስቷል፤ ብዙውም ማሳ መኖሪያ ቤት ሆኗል። እንስሳው ግን ብልጥ ነው፣ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ ጓሮው ተጠግቷል፤ እዚያ ደግሞ ጠመንጃ አይደርስበትም። አቅም ያላቸው አዳኞች ወደ ደቡብ ዳኮታና ወደ ዋዮሚንግ ተጉዘው ሌላ ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ፕሬሪ ዶግ የሚባለውን ያድናሉ። የቀሩት በጁን መጀመሪያ መኪናቸውን ቀስ እያደረጉ በገጠር መንገድ ይዞራሉ፤ ቡቃያው ገና ቁርጭምጭሚት ሲደርስ አኩሪ አተር መሐል ክብ ሆኖ የተላጨ መሬት ካዩ፣ የገበሬው ቤት የትኛው እንደሆነ ይጠይቃሉ።