ያማረ ስምና እውነተኛ ሥራ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የሕግንና የመሥሪያ ቤትን ስም ግን የሚያወጣው ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ የአንድ መንግሥት ቃል ጨዋ ሆኖ ስንሰማው፥ ሥራውም እንደ ቃሉ መሆኑን መመርመር ይገባናል። ለዚህም የደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ ዘመን ብዙ ያስተምራል።

የዚያ አገር ፓርላማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 አንድ ሕግ አወጣ። አርእስቱ የይለፍ ወረቀትን ስለ ማስቀረት የሚል ነበር። ውስጡ ሲነበብ ግን ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ጥቁር ሁሉ ፎቶግራፉና የሥራው ታሪክ ያለበትን ደብተር ዘወትር ይዞ እንዲዞር ያስገድዳል። በ1959 ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ትምህርትን ስለ ማስፋፋት የሚል ሌላ ሕግ ወጣ፤ ይኸው ሕግ ጥቁር ተማሪዎች ያለ ሚኒስትር ፈቃድ በኬፕታውንና በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳይመዘገቡ ከለከለ። ጥቁሮችን የሚያስተዳድረውም መሥሪያ ቤት በ1958 «የባንቱ አስተዳደርና ልማት»፥ ከሃያ ዓመት በኋላም «የልዩ ልዩ ሕዝቦች ግንኙነትና ልማት»፥ ወዲያው ደግሞ «ትብብርና ልማት» ተባለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሄንድሪክ ፈርቩርትም አፓርታይድን መልካም ጉርብትና ሲል ጠርቶታል።

ስሙ እያማረ ሲሄድ ደብተሩ ከድኻው ኪስ አልወጣም። በመጋቢት 1960 ይህን ደብተር በመቃወም በሻርፕቪል ከተሰበሰቡት ሰዎች 69ኙ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። ደብተሩ የቀረው በ1986 ነው፤ ጥቁሩ ሕዝብ ከነጩ ጋር እኩል ድምፁን የሰጠውም በ1994 ነው።

ዛሬ በፖለቲካ ውስጥ ጨዋ ቃል ስለ መጠቀም በየአገሩ ክርክር ይደረጋል። አንዱ ወገን «ቃል ምን ያደርጋል» እያለ ስድብን እንደ ግልጽነት ይቆጥራል። ሌላው ወገን ቃሉን ካሳመረ ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ስድብ ለግፍ መንገድ ይጠርጋል፤ ሰውን በክብር መጥራትም የሚገባ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የክብር ስም የተስፋ ቃል ነው፤ ተስፋውም የሚፈጸመው በሕግና በፍርድ፥ በትምህርት ቤት በርና በምርጫ ሣጥን ነው። በአፉ ያከበረውን ሰው በሥራው የሚያዋርድ መንግሥት፥ ሰው ይፈራው ይሆናል እንጂ በሕሊናው አይቀበለውም።

እንግዲህ ነገ ደንብ የምታረቅ ወጣት ሆይ፥ አርእስቱን ከማሳመርህ በፊት ደንቡ የሚነካውን ሰው አስብ። እርሱ አርእስቱን ላያነብ ይችላል፤ በኑሮው ላይ የደረሰውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል።